ዘንጉ ወርዶ የሚያልፉ መኪኖች፦ የአንድ የባቡር ማቋረጫ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

የባቡር ማቋረጫ ላይ መኪና በተገጨ ቁጥር የሚባለው ነገር አንድ ነው። «ሹፌሩ ጥሶ ገብቶ ነው።» አብዛኛውን ጊዜ ሐሰት አይደለም። ችግሩ ወሬው እዚያ ላይ ማለቁ ነው። ጥፋተኛው ታወቀ፣ ተወገዘ፣ በቃ። ብዙም ሳይቆይ እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ሹፌር ያንኑ ያደርጋል።

ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ ማቋረጫ ነው። ቦታው አሜሪካ ውስጥ፣ የኖርዝ ካሮላይና ግዛት ትልቁ ከተማ ሻርሎት ነው። መንገዱ ሹገር ክሪክ ሮድ ይባላል። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ማቋረጫው ቀይ መብራት ነበረው፣ መዝጊያ ዘንግም ነበረው። ሹፌሮች ግን ዘንጉን እየዞሩ ያልፉ ነበር።

ጉዳዩን የመረጥኩት ታላቅ እልቂት ስለደረሰበት አይደለም። እንዲያውም ከሙያው ሰዎች ውጭ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ነው። የመረጥኩት ነገሩ በቁጥር ስለተሠራ ነው። ምንም ከመነካቱ በፊት ስንት ሹፌር እንደሚጥስ ተቆጠረ። እርምጃ ከተወሰደ በኋላም እንደገና ተቆጠረ። በመንገድ ደህንነት ሥራ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ከሚገመተው በላይ ብርቅ ነው። ብዙ ጊዜ ምልክት ይተከላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ማንም ተመልሶ አያየውም።

የነገሩ ዳራ

በ1992 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ወደፊት ፈጣን ባቡር ሊሄድባቸው የሚችሉ መስመሮችን ሰየመ። ከእነዚህ አንዱ ከዋሽንግተን ተነስቶ በሪችመንድና በራሊ በኩል ሻርሎት የሚደርሰው ነው። ከሻርሎት እስከ ራሊ ያለው ክፍል 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የመንገደኛም የጭነትም ባቡር ይሄድበታል። በመንገዱ ላይ ከተሞችን፣ ሰፈሮችንና እርሻዎችን ያቋርጣል። በየጥቂቱ ርቀት አንድ መንገድ ሐዲዱን በሜዳው ላይ፣ ያለ ድልድይ፣ ይቆርጠዋል።

ፈጣን ባቡርና የሜዳ ማቋረጫ አይስማሙም። ሁሉንም ማቋረጫ በድልድይ መተካት ጥሩ ነበር፣ ግን ገንዘቡን ማንም አይችለውም። ሁሉንም መዝጋት ደግሞ ከተማን ለሁለት መክፈል ነው። ስለዚህ የግዛቲቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤትና በመስመሩ የሚሠራው የባቡር ኩባንያ፣ ኖርፎክ ሰዘርን፣ ሌላ መንገድ ያዙ። እያንዳንዱን ማቋረጫ እየተራመዱ መመልከት። የማይፈለገውን መዝጋት፣ የሚቀረውን ማጠናከር። ለመንግሥት መንገድ ብቻ ሳይሆን ወደ ግል ይዞታ ለሚገቡትም ጭምር። ፕሮግራሙ ሲልድ ኮሪደር ይባላል፤ «የታሸገ መስመር» እንደ ማለት ነው። ሥራው የጀመረው በመጋቢት 1995 ነው።

ሹገር ክሪክ ሮድ የዚህ ፕሮግራም መሞከሪያ ሆነ። ካሜራ ተተከለ። ካሜራው የተተከለው ለመቅጣት አልነበረም፤ ለመቁጠር ነበር። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ሹፌሩ እንደሚቀጣ ካወቀ ጠባዩን ያሳምራል። የተፈለገው ግን ማንም ሳያስፈራራው የሚያደርገውን ማየት ነው።

ሃያ ሰከንድ

ሹፌሮቹን ከመውቀሳችን በፊት ማቋረጫው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል።

በአሜሪካ ደንብ ማስጠንቀቂያው ባቡሩ ማቋረጫው ላይ ከመድረሱ ቢያንስ 20 ሰከንድ ቀድሞ መጀመር አለበት። መጀመሪያ ቀይ መብራቶቹ እየተፈራረቁ ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ ደወሉ ይጮኻል። ዘንጉ ወዲያው አይወርድም። ማቋረጫው ውስጥ ያለ መኪና እንዲወጣ ቢያንስ 3 ሰከንድ ይሰጣል። ከዚያ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ባቡሩ ሊደርስ ቢያንስ 5 ሰከንድ ሲቀረው ጠፍጣፋ ተኝቶ መንገዱን መያዝ አለበት።

ሃያ ሰከንድ ብዙ ይመስላል። በመስመሩ ላይ የመንገደኛ ባቡር እስከ 127 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄድ ነበር። በሰከንድ 35 ሜትር ማለት ነው። መብራቱ ሲበራ ባቡሩ 700 ሜትር ርቆ ነው ያለው። ቤትና ዛፍ ባለበት ቦታ 700 ሜትር ርቆ ያለ ባቡር አይታይም። ዘንጉ ተኝቶ ሲያልቅ ደግሞ ባቡሩ 175 ሜትር ላይ ሊሆን ይችላል። ይህ ርቀት ለባቡር ነጂው ምንም አይደለም። በ90 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ ረዥም የጭነት ባቡር ነጂው ሙሉ ፍሬን ይዞ እንኳ ለመቆም 1.6 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። መሪ የለውም፣ መዞሪያ የለውም። ያለው ፍሬንና ጥሩምባ ነው።

አሁን ወደ ዘንጉ እንምጣ። የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነው። በተለመደው አሠራር ዘንጎቹ ሁለት ናቸው፣ በሐዲዱ በዚህኛውና በዚያኛው ወገን። እያንዳንዱ ዘንግ የሚዘጋው ወደ ሐዲዱ የሚገባውን የመንገዱን ግማሽ ብቻ ነው። የሚወጣው ግማሽ ክፍት ይቀራል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ታስቦበት የተደረገ ነው። ማስጠንቀቂያው ሲጀምር ሐዲዱ ላይ የነበረ መኪና መውጫ እንዲያገኝ ነው።

ለመውጫ የተተወችው ክፍተት መግቢያ ሆነች። ሹፌሩ ዘንጉ ፊት ይቆማል፣ ወይም ጨርሶ አይቆምም። መሪውን ወደ ግራ ይጠመዝዛል። በተቃራኒው መስመር ገብቶ የዘንጉን ጫፍ ያልፋል። ሐዲዱን ይሻገራል። መሪውን ወደ ቀኝ መልሶ ከማዶ ካለው ዘንግ ጀርባ ይወጣል። ለጥቂት ሰከንድ የእባብ አካሄድ ነው። መኪናው ትንሽ ከሆነ ፍጥነት መቀነስ እንኳ አያስፈልገውም።

ለምን ይጥሳሉ?

«ችኮላ ነው» ማለት ቀላል ነው። ችኮላም አለበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ባቡር ፊት ግን የሚለቀም ነገር ላይተርፍ ይችላል። ይሁንና በሁሉም አገር ስለ ማቋረጫ ከተጠና ነገር ደጋግሞ የሚወጣው ሌላም ነው።

አንደኛው የማስጠንቀቂያው ተዓማኒነት ነው። ድሮ በተሠሩ ማቋረጫዎች ባቡሩ አንድ የተወሰነ ነጥብ ላይ ሲደርስ መብራቱ ይበራል። ነጥቡ የሚመረጠው ለፈጣኑ ባቡር ነው። ከላይ ባለው ስሌት 700 ሜትር ላይ እንበል። በዚያው ሐዲድ በ25 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚጎተት የጭነት ባቡር ሲመጣ ግን ያንን 700 ሜትር ለመጨረስ 100 ሰከንድ ይፈጅበታል። ሹፌሩ ዘንግ ፊት ቆሞ መቶ ሰከንድ ይጠብቃል። በሩቅ የሚንቀራፈፈውን ባቡር ያያል። ሌላው ቀርቶ ባቡሩ ማቋረጫው አጠገብ ቆሞ ፉርጎ እየለዋወጠ ጨርሶ ላይመጣ ይችላል። ሹፌሩ ከዚህ የሚማረው ምንድን ነው? መብራቱ ሲበራ ገና ብዙ ጊዜ አለ የሚል ነገር። በማግሥቱ የመንገደኛው ባቡር ሲመጣ ሃያ ሰከንዱ እውነተኛ ሃያ ሰከንድ ነው። መብራቱ ግን ከትናንቱ አይለይም።

ሁለተኛው ዓይን ነው። በ1985 ኸርሸል ላይቦዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ትልልቅ ነገሮች ከእውነተኛ ፍጥነታቸው ዝግ ብለው የሚሄዱ እንደሚመስሉን አስረድቷል። ባቡር ትልቅ ነው። ሹፌሩም የሚያየው ከፊት ለፊት ነው ሊባል በሚችል ማዕዘን ነው፤ ስለዚህ ወደ ጎን ሲንቀሳቀስ አይታየውም። ቀስ እያለ የሚተልቅ መብራት ብቻ ይታየዋል። «እደርሳለሁ» የሚለው ሰው ሁሉ ደፋር አይደለም። ብዙው በስህተት የገመተ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ነው። ጥሶ ያለፈ ሹፌር ብዙውን ጊዜ በሰላም ያልፋል። በሰላም ማለፉ ያበረታታዋል። ከኋላው ያለው ደግሞ እሱን አይቶ ይከተላል። ሐዲዱ ድርብ ሲሆን የመጀመሪያው ባቡር ካለፈ በኋላ ዘንጉ የማይነሳው በሌላው አቅጣጫ ሁለተኛ ባቡር ስለሚመጣ ሊሆን ይችላል። የለመደ ሹፌር «ዘንጉ ተበላሽቷል» ብሎ ይገባል።

አደጋው የሹፌሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት «እንደ ፍጥርጥሩ» የሚል ይኖር ነበር። በመጋቢት 1999 ኢሊኖይ ውስጥ ቡርቦኔ በተባለ ቦታ ብረት የጫነ ከባድ መኪና የመንገደኛ ባቡር ፊት ገባ። ባቡሩ ከሐዲዱ ወጣ፣ እሳት ተነሳ። 11 ሰዎች ሞቱ። ሁሉም የባቡሩ ተሳፋሪዎች ነበሩ። የፌዴራሉ የትራንስፖርት አደጋ መርማሪ ቦርድ የደረሰበት መደምደሚያ ሹፌሩ ለማስጠንቀቂያው ተገቢውን ምላሽ አልሰጠም፣ ከባቡሩ ቀድሜ እሻገራለሁ ያለውም ግምቱ በድካም የተዛባ ሳይሆን አይቀርም የሚል ነው። የሹፌሩ ቀጣሪ ኩባንያ የሹፌሮቹን የሥራ ሰዓት በሚገባ ባለመቆጣጠሩም ድርሻ ተሰጥቶታል። ከባድ መኪና ሲጥስ የሚሞተው በባቡሩ ውስጥ የተኛው ሰው ነው።

የተወሰዱት እርምጃዎች

በሹገር ክሪክ ሮድ የተሞከረው ነገር ሹፌሮችን መምከር አልነበረም። ክፍተቷን መዝጋት ነበር። ሁለት መንገድ ተፈተነ፤ ለየብቻና አንድ ላይ።

አንዱ የመንገድ አካፋይ ነው። በመንገዱ መሃል፣ ከዘንጉ ጀምሮ ወደ ኋላ፣ ከመንገዱ ትንሽ ከፍ ያለ ጠርዝ ይሠራል። በላዩ ተጣጣፊ የፕላስቲክ ምሰሶዎች ይደረደራሉ። መኪና ቢወጣበት የሚያፈርሰው ነገር የለም፤ ምሰሶው ይተኛና ይነሳል። ሥራው መኪናን በጉልበት ማቆም አይደለም። ወደ ግራ የሚጠመዘዘውን ሹፌር ያስቸግረዋል፣ ያሳፍረዋልም።

ሌላው አራት ዘንግ ነው። የሚገባው ግማሽ ብቻ ሳይሆን የሚወጣውም ይዘጋል። ሐዲዱ በሁለቱም ወገን ሙሉ በሙሉ ይታጠራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። የመውጫው ዘንግ ከመግቢያው ጋር እኩል ቢወርድ መኪና መሃል ላይ ይታሰራል። ስለዚህ የመውጫው ዘንግ ጥቂት ሰከንድ ዘግይቶ ይወርዳል። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥም የመግቢያ ዘንግ ተዘግቶ እንዲቀር ሲደረግ፣ የመውጫው አብዛኛውን ጊዜ ተነስቶ እንዲቀር ይደረጋል።

በዚያው ከተማ ሌላ ማቋረጫ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ተሞከረ። ዘንጎቹ ሁለት ሆነው ይቆያሉ፣ ግን እንዲረዝሙ ተደረገ። የመንገዱን ግማሽ ሳይሆን አብዛኛውን ወርድ ይሸፍናሉ። የሚቀረው ክፍተት ጠባብ ነው።

የሠራው

ቀድሞ ከሚጥሱት 100 ሹፌሮች ብንነሳ፣ አካፋይ ብቻ ሲደረግ የሚጥሱት 23 ሆኑ። አራት ዘንግ ብቻ ሲደረግ 14 ሆኑ። ሁለቱም ሲጣመሩ 2 ቀሩ። በመቶኛ ሲነገር የ77፣ የ86 እና የ98 በመቶ ቅነሳ ነው። የረዘመው ዘንግም ጥሰቱን ከ67 በመቶ ባላነሰ ቀንሶታል።

እነዚህን ቁጥሮች ትንሽ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። መንገዱ ያው ነው። ከተማው ያው ነው። ሹፌሮቹም ማለዳ ወደ ሥራ፣ ማታ ወደ ቤት የሚመላለሱት እነዚያው ናቸው። ማንም አዲስ ሥልጠና አልሰጣቸውም። «እዚህ አገር ሹፌር የለም» የሚል ሰው ይህን ማቋረጫ በመጀመሪያው ሳምንት ቢያየው ትክክል ነኝ ይል ነበር። ከማስተካከያው በኋላ ቢያየው ደግሞ ሥርዓት ያለው ሕዝብ ነው ይል ነበር።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የአካፋዩ ውጤት ነው። አራት ዘንግ ተጨማሪ ሞተር፣ ሽቦ፣ መቆጣጠሪያና የባቡር ሲግናል ባለሙያ ይፈልጋል። አካፋዩ ጠርዝና ፕላስቲክ ነው። ዋጋቸው አይቀራረብም፤ ውጤታቸው ግን 77 እና 86 ነው።

እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት ይመስለኛል የውሳኔው ጊዜ ነው። አካፋይ በሌለበት ሹፌሩ ዘንጉ ድረስ መጥቶ፣ አይቶ፣ ሰልችቶት ነው የሚጠመዘዘው። አካፋይ ሲኖር ግን በተቃራኒው መስመር ለመሄድ ከሩቁ መወሰን አለበት። በፌዴራሉ ደንብ አካፋይ እንደ ሙሉ የደህንነት እርምጃ እንዲቆጠር ከዘንጉ ወደ ኋላ 30 ሜትር ያህል መርዘም ይገባዋል፤ ቅርብ መገንጠያ ካለ ቢያንስ 18 ሜትር። ሠላሳ ሜትር ሙሉ በሌላ ሰው መስመር፣ ፊት ለፊት ከሚመጣ መኪና ጋር እየተፋጠጡ መሄድ ለአብዛኛው ሰው የማይዋጥ ነገር ነው። ዘንጉ ፊት ከደረሰ በኋላ ደግሞ መጠምዘዣው ተዘግቶበታል።

ትምህርቱ በአንድ ማቋረጫ አልቀረም። ከመጋቢት 1995 እስከ መስከረም 2004 ከሻርሎት እስከ ራሊ 189 ማቋረጫዎች ተጠናከሩ ወይም ተዘጉ። የፌዴራሉ መንግሥት የሥራውን ውጤት በሁለት የተለያዩ ስሌቶች አስገምግሞ ነበር። ሁለቱም ከ19 በላይ ሰዎች ሕይወት እንደተረፈ ገምተዋል። ግምት መሆኑን ልብ ይሏል። ያልሞተ ሰው በስም አይቆጠርም።

ያልሠራውና ያደናቀፈው

እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም አደርጋለሁ። በየቦታው «77 በመቶ» ተብሎ የሚጠቀሰው ቁጥር ከነእንከኑ ሲነገር ብዙም አይሰማም።

ፕላስቲኩ ምሰሶ ይገጫል። ከባድ መኪና ሲታጠፍ ይረግጠዋል። የመጀመሪያው ምሰሶ ሲነቀል ሁለተኛው ይጋለጣል። ሦስት አራት ከተነቀሉ ክፍተቷ ተመልሳ መጣች ማለት ነው። ዘንጉንና መብራቱን የሚጠብቀው የባቡር ኩባንያው ነው፤ መንገዱን የሚጠብቀው ከተማው ወይም ግዛቱ ነው። አካፋዩ ያለው መንገዱ ላይ ነው፤ የሚያገለግለው ግን ባቡሩን ነው። የተነቀለውን ማን ይተክላል የሚለው ጥያቄ በወረቀት ካልታሰረ ሁለቱም «የእነሱ ነው» እያሉ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

አካፋይ የጎን መንገድን አያውቅም። ከዘንጉ አጠገብ የሱቅ መግቢያ ወይም ጠባብ መገንጠያ ካለ፣ ከዚያ የሚወጣ መኪና የአካፋዩን ጫፍ ዞሮ ይገባል። እንዲህ ባለ ቦታ መጀመሪያ መግቢያውን ማዛወር ነው። ይህ ደግሞ ከባለ ሱቁ ጋር መነጋገር ነው፣ ከኢንጂነሪንግ ይልቅ ሽምግልና ይመስላል።

የአራቱ ዘንግ ጉዳይ ከዚህ የሚረቅ ነው። «መኪና መሃል ላይ ቢታሰርስ?» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። መፍትሔ ሆኖ የቀረበው ከመንገዱ ሥር መኪናን የሚያውቅ መሣሪያ መቅበር ነው። መኪና ሐዲዱ ላይ ካለ የመውጫው ዘንግ ሳይወርድ ይጠብቃል። ብልህነት ነው። ነገር ግን አንድ ሹፌር ጥሶ ሲገባ መሣሪያው እሱንም እንደታሰረ መኪና ያየዋል። የመውጫው ዘንግ ይቆይለታል። ከኋላው ያለው ደግሞ ተከትሎ ይገባል። በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራሉ የባቡር ጥሩምባ ደንብ (ባቡር ጥሩምባ ሳይነፋ የሚያልፍባቸው ማቋረጫዎች ምን ማሟላት እንዳለባቸው የሚወስነው) ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። መኪና የማያውቅ አራት ዘንግ 0.82 ውጤታማነት (የግጭትን ዕድል 82 በመቶ ይቀንሳል ማለት ነው) ሲሰጠው፣ መኪና የሚያውቀው 0.77 ነው። አካፋይ ሲታከልበት በሁለቱም 0.92 ይሆናል። ለታሰረው ሰው የተደረገ ጥንቃቄ ለሚጥሰውም በር ይከፍታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘንጎች ታሪክ ተደገመ ማለት ነው፤ መጠኑ ግን ትንሽ ነው።

መሰናክል ሊያደርገው የማይችለውም አለ። መኪኖች ተሰልፈው ሲቆሙ ሐዲዱ ላይ የሚቆመውን ሹፌር ዘንግ አያድነውም። እሱ ሲገባ መብራቱ አልበራም ነበር። ከፊቱ ያለው መኪና እንደሚንቀሳቀስ ገምቶ ነው የገባው። ዝቅ ያለ የጭነት መኪና ጎርበጥ ያለ ማቋረጫ ላይ ሆዱ ሲያያዝም ያው ነው። እግረኛና ሞተር ሳይክል ደግሞ በየትኛውም ክፍተት ይሾልካሉ።

የቅጣት ካሜራስ? በሌላ ቦታ ሠርቷል። ሎስ አንጀለስ አካባቢ ኮምፕተን ቡሌቫርድ ላይ ባለው የቀላል ባቡር ማቋረጫ ጥሰቱ 92 በመቶ ቀንሷል። ከአካፋይም ከአራት ዘንግም የሚበልጥ ቁጥር ነው። ካሜራ ግን ሕግ ይፈልጋል፣ ፍርድ ቤት ይፈልጋል፣ ሰሌዳ የሚያነብና ቅጣት የሚልክ ሰው ይፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ሲቋረጥ ውጤቱም ይቋረጣል። ቅጣቱ የሚደርሰውም ሹፌሩ ካለፈ በኋላ ነው። የመንገዱን ቅርጽ የማያውቅ እንግዳ ሹፌር ካሜራ መኖሩን ላያውቅ ይችላል፤ አካፋዩን ግን ያየዋል።

ሁለቱ በመቶስ? ሁሉም ነገር ተሟልቶ እንኳ የቀሩ አሉ። መሰናክል የሚያቆመው አመዛዝኖ የሚጥሰውን ነው። የሰከረውን፣ እንቅልፍ የወሰደውን፣ ከፖሊስ የሚሸሸውን አያቆመውም። በመጨረሻ ሹገር ክሪክ ሮድ ላይ መንገዱና ሐዲዱ በድልድይ ተለያይተዋል። ዛሬ እዚያ የሚጣስ ዘንግ የለም።

ለሌላ ማቋረጫ የሚተርፈው

ከዚህ ጉዳይ ለራሴ የወሰድኩት ቀዳሚ ነገር ቆጠራው ነው። አደጋ መቁጠር አይበቃም። አንድ ማቋረጫ ላይ አደጋ በዓመታት አንዴ ሊደርስ ይችላል። በአደጋ ብቻ የሚመዘን ከሆነ ማስተካከያው መሥራቱን ለማወቅ አሥር ዓመት መጠበቅ ነው። ጥሰት ግን በየቀኑ አለ። ጥሰት መቁጠር ለጥቂት ሳምንታት አንድ ካሜራና ትዕግሥት ያለው ሰው ይጠይቃል። ቆጠራው ሲሠራ ሦስቱን መለየት ይጠቅማል። መብራቱ እንደበራ ዘንጉ ሳይወርድ የገባ፣ ዘንጉ እየወረደ ሥሩ የሾለከ፣ ተኝቶ ሳለ የዞረ። መድኃኒታቸው አንድ አይደለም። አካፋይ የሚያግዘው በሦስተኛው ላይ ነው። የመጀመሪያውን ምንም አያደርገውም።

ቀጥሎ የሚመጣው የመጠበቂያው ሰዓት ነው። ዘንግ ከመጨመር በፊት ማስጠንቀቂያው ራሱ እውነተኛ መሆኑን ማየት። የባቡሩን ፍጥነት ለክቶ ሁልጊዜ ተቀራራቢ ሰከንድ የሚሰጥ መሣሪያ አለ። ዝግ ላለውም ለፈጣኑም መጠበቂያው አንድ ዓይነት ሲሆን ሹፌሩ የሚማረው ትምህርት ይለወጣል። ሰው መቶ ሰከንድ በሚጠብቅበት ማቋረጫ ላይ አራት ዘንግ መትከል ትዕግሥቱን ከመፈተን ሌላ ብዙ አይፈይድም። ምናልባትም ዘንጉን ሰብሮ የሚሄድ ይመጣል።

ገንዘብ ባነሰበት ቦታ ከአካፋዩ መጀመር ያዋጣል። ቢያንስ መንገዱ ሰፋ ያለ፣ የጎን መግቢያ የሌለበት ከሆነ። ሲጀመር ግን የጥገናው ባለቤት በስም ይጻፍ፤ የትኛው ክፍል፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚተክል ጭምር። የተነቀለ ምሰሶ የሚመለከተው ሰው ከሌለ አካፋዩን ባይሠሩት ይሻላል ማለቴ አይደለም። ግን በዓመቱ ተመልሰው ሲቆጥሩ 77 በመቶ አያገኙም።

አራት ዘንግ የሚተከልበት ቦታ ላይ ደግሞ ለሹፌሮች መነገር ያለበት አንድ ተግባራዊ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። ዘንጉ የተሠራው ሲገጩት እንዲሰበር ወይም እንዲላቀቅ ነው። በሁለት ዘንግ መሃል የታሰረ ሹፌር ቆሞ መጠበቅ የለበትም፤ ነድቶ ሰብሮት መውጣት አለበት። የመኪና ቀለም ይፋቃል፣ ዘንግ ይተካል። መኪናው ካልነሳ ወይም ሐዲዱ ላይ ከተያዘ ሁሉም ሰው ወርዶ ይሮጣል። የሚሮጠው ባቡሩ ወደሚመጣበት አቅጣጫ፣ ከሐዲዱ ሰያፍ እየራቁ ነው። ሰው በደመ ነፍስ ባቡሩ ወደሚሄድበት ይሸሻል፤ የተገጨው መኪና ስብርባሪም የሚወረወረው ወደዚያው ነው።

ከዚያ በኋላ ስልክ ነው። በአሜሪካ በየማቋረጫው ሰማያዊ ሰሌዳ አለ። የባቡር ኩባንያው የአደጋ ስልክና የማቋረጫው መለያ ቁጥር ተጽፎበታል። ለፖሊስ ቢደወል ፖሊሱ የባቡር ኩባንያውን ፈልጎ እስኪያገኝ ደቂቃ ያልፋል። በሰሌዳው ላይ የሚደወለው ግን በቀጥታ ባቡሮቹን ለሚመራው ክፍል ነው፤ እሱም የባቡሩን ነጂ በሬዲዮ ያገኘዋል። ሰሌዳው ደብተር የሚያህል ነው፤ አብዛኛው ሹፌር በየቀኑ አጠገቡ እያለፈ አላየውም።